የመካከለኛው ኮምፒዩተር ሒሳብ

«መካከለኛ» የሚለው ቃል በኮምፒዩተር ገበያ የሚለካው በዶላር ነው። አሜሪካ ወይም ጀርመን ያለ ወጣት «መካከለኛ የጌም ኮምፒዩተር ልገጣጥም ነው» ሲል ሺህ ዶላር ገደማ ማለቱ ነው። ጥቂት ሳምንት ሠርቶ የሚያገኘው፣ ካልተስማማው የሚመልሰው፣ ቢበላሽ በዋስትና የሚያስቀይረው ዕቃ ነው። ያው ዕቃ ቦሌ አየር ማረፊያ ሲደርስ ስሙን አይቀይርም፤ አሁንም «ሚድ ሬንጅ» ነው የሚባለው። የገዛው ሰው ግን ዓመት ሙሉ እቁብ ጥሎበታል፤ ተሳስቶ ቢገዛ የሚመልስበት ሱቅ የለውም፤ አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ ቢቃጠልበት ደግሞ አቤት የሚልበት የለም።

ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ «ምርጥ የመካከለኛ ዋጋ ምርጫዎች» እያሉ የሚደረድሩት ሰዎች ባይዋሹም፣ የሚያወሩት ስለ ሌላ ገበያና ስለ ሌላ መብራት ነው።

ላፍቶ አካባቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ የሚኖር አንድ የ27 ዓመት የሠርግ ቪዲዮ ኤዲተር ኅዳርንና ታኅሣሥን ያሳለፈው በዚሁ ሒሳብ ነው። እቁቡ ወጣለት፤ 150,000 ብር። እጁ ላይ ያለው ኮምፒዩተር ከዱባይ የመጣ ያገለገለ የቢሮ ዴል ነው። በላዩ ላይ ጂቲኤክስ 1650 የሚባለውን፣ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልገውንና 75 ዋት ብቻ የሚበላውን ካርድ ሰክቶበታል። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ወጣት በዚህ ዓይነት ቅልቅል እንደሚሠራ ሠፈሩን ዞር ብሎ ያየ ያውቀዋል። ካርዱ 4 ጊጋ ሚሞሪ ብቻ ነው ያለው። የዛሬ ሠርግ ደግሞ በ4ኬ ነው የሚቀረጸው። ኤክስፖርት ሲያደርግ ማታ ለቆት ይተኛል፤ ሌሊት 9 ሰዓት መብራት ይሄዳል፤ ጠዋት ከዜሮ ይጀምራል። ሙሽሮቹ ደግሞ ይደውላሉ።

ይጫወታልም፤ መካድ አያስፈልግም። የጌም ኮምፒዩተር ሲባል ግን ብዙ ሰው የሚታየው ቀለም የሚተፋ ሣጥንና የተኩስ ድምፅ ብቻ ነው። ለጨዋታ ብቻ ቢሆንማ ሠፈሩ ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት አለ፤ ገብቶ ሁለት ጌም ተጫውቶ መውጣት ነው። ለኮምፒዩተር ይህን ያህል ብር የሚያፈስ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ቀን ሊሠራበት፣ ማታ ሊጫወትበት ነው። ምርጫውን የሚያከብደውም ይኸው ነው።

ለመሆኑ ካርዱ ለምን ይህን ያህል ተወደደ? መልሱ ከጨዋታ ውጭ ነው። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2022 የበጀት ዓመቱ ከጌም ዘርፍ 12.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲያስገባ ከዳታ ሴንተር ያገኘው 10.6 ቢሊዮን ነበር። ተጫዋቹ ትልቁ ደንበኛ ነበር ማለት ነው። በ2025 የበጀት ዓመት ጌሙ 11.4 ቢሊዮን ላይ ሲቀር ዳታ ሴንተሩ 115.2 ቢሊዮን ደረሰ። ሦስት ዓመት ብቻ! የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያዎች በገፍ የሚገዙት ቺፕና የላፍቶው ልጅ የሚለምነው ቺፕ የሚመረቱት ታይዋን ውስጥ በአንድ ኩባንያ ፋብሪካዎች ነው። ነጋዴ ደግሞ ቦታ ሲጠበው ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥ ለመርካቶ ልጅ አይነገረውም።

ይህ በካርዶቹ ላይ በግልጽ ይታያል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 የወጣው አርቲኤክስ 3060 12 ጊጋ ሚሞሪ ነበረው፤ የተለጠፈበት ዋጋ 329 ዶላር። በ2023 የመጣው 4060 በ299 ዶላር 8 ጊጋ ይዞ ወጣ። በ2025 የመጣው 5060ም በ299 ዶላር፣ አሁንም 8 ጊጋ። ፍጥነቱ አድጓል፤ ጓዳው ግን ጠቧል። 8 ጊጋ ለብዙ ጨዋታ በ1080ፒ ጥራት ዛሬም ይበቃል። አዳዲሶቹ ከባድ ጨዋታዎች ላይ ግን ምስሉን ዝቅ ካላደረጉት ሞልቶ ይፈስሳል። የሞላው ዳታ ወደ ኮምፒዩተሩ ራም ይሄድና በጠባብ መንገድ ሲመላለስ ጨዋታው ይንተባተባል። ለ4ኬ ቪዲዮ ሥራ ደግሞ፣ በተለይ ድንኳን ውስጥ በደካማ ብርሃን የተቀረጸን ምስል ለማጥራት ሲሞከር፣ 8 ጊጋ ቶሎ ያልቃል።

ስለዚህ ልጁ ዓይኑን የጣለው 16 ጊጋዎቹ ላይ ነበር። ሁለት ናቸው፤ የኤኤምዲው አርኤክስ 9060 ኤክስቲ በ349 ዶላር፣ የኤንቪዲያው አርቲኤክስ 5060 ቲአይ በ429። ለጨዋታ ብቻ ለሚገዛ ሰው የኤኤምዲው ይሻላል፤ 80 ዶላር ብዙ ነው። ለኤዲተር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብሌንደርን የመሳሰሉ ፕሮግራሞችና ብዙዎቹ የቪዲዮ ማጣሪያዎች የተላመዱት ከኤንቪዲያ ጋር ነው። ይህን የሞኖፖል ግብር ብሎ የሚጠራ ቢኖር አይፈረድበትም። ልጁ ግን ገበያውን ሊያስተካክል አይችልም፤ ሠርጉን ማድረስ ነው ያለበት።

እዚህ ላይ አክስቱ ይገባሉ። ሜሪላንድ የሚኖሩ፣ ለጥምቀት አገር ቤት ለመምጣት ትኬት የቆረጡ አክስት።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ነገር 429 ዶላር ነው እኮ!» አሉት በቴሌግራም ደውለው። «ታክሱ ሲጨመርበት 455። ሙሉ ኮምፒዩተሩ ነው?»

«አይ እትዬ፣ ካርዱ ብቻ ነው።»

«ካርዱ ብቻ!» ትንሽ ዝም አሉ። «ለጨዋታ ነው ለሥራ?»

«ለሥራ ነው እትዬ።»

«ጨዋታስ የለበትም?»

«ማታ ማታ… አለበት።»

ሳቁ። ገዙለት። ግን 455ቱን ዶላር በምን ተመን ይመልስላቸው? ልጁ ብሩን እዚሁ ለአያቱ ሊያስረክብ ነው የተነጋገሩት፤ ውጭ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ዓይነት ስምምነት ያውቀዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት የባንኩ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያ ተመን ቢሆን ካርዱ 26,000 ብር አይሞላም። በ150 ብር ሲሰላ 68,000 አለፈ። (ያኔም ቢሆን በ57 ዶላር የሚሰጥ ባንክ የት ነበር? ጥቁር ገበያው ከ100 ብር በላይ ነበር። ስለዚህ «በ57ቱ ዘመን» እያሉ የሚቆጩ ሰዎች ያላገኙትን ዶላር ነው የሚናፍቁት።) አክስት በባንክ ተመን ይበቃኛል አሉ። በዚህ አገር የዕቃ ዋጋ እንዲህ ነው፤ ግማሹን ገበያው ይወስነዋል፣ ግማሹን የአክስት ፊት።

ከ150,000ው ቀሪ 82,000 ብር። ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ኤስኤስዲ፣ ሣጥን።

በተለመደው ዓመት ቢሆን ምክሩ ቀላል ነበር፤ ኤኤምዲ ኤኤም5 የሚባለውን አዲሱን መቀመጫ ያለው ማዘርቦርድ ይግዛ፣ ራይዘን 5 7600 ይሰካበት፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ፕሮሰሰሩን ብቻ ያሻሽላል። ኩባንያው መቀመጫውን ቢያንስ እስከ 2027 አልተውም ብሏል። ይህ ዓመት ግን የተለመደ አይደለም። ኤኤም5 የሚቀበለው ዲዲአር5 ራም ብቻ ነው። የዲዲአር5 ዋጋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ተተኮሰ። ምክንያቱ ያው ዳታ ሴንተሩ ነው። የዓለምን የሚሞሪ ቺፕ በአብዛኛው የሚያመርቱት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ናቸው። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሆነው ውዱ ሚሞሪ የተሻለ ስለሚያተርፋቸው ፊታቸውን ወደዚያ አዙረዋል። ማይክሮንማ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ገዢ ሲሸጥ የኖረውን ንግድ እዘጋለሁ ብሎ በይፋ አሳወቀ። ክሩሻል እኮ መገናኛ ሱቅ ውስጥ ተደርድሮ የሚታየው፣ ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ የሚጨመረው ያ ራም ነው። ካሊፎርኒያ ያለ ኩባንያ ቻትቦቱን ሊያሳድግ ሲል ላፍቶ ያለ ልጅ ራም ተወደደበት ቢባል ማጋነን አይደለም።

ልጁን ያዳነው አሮጌው ዴል ነው። ሆዱ ውስጥ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4 ራም አለው። ፍጥነታቸው 2666 ነው፤ ራይዘን የሚወደው 3200ና ከዚያ በላይ ቢሆንም በእነዚህም ይሠራል። ትንሽ ይቀንሳል እንጂ አይቆምም። ስለዚህ ወደ አሮጌው መቀመጫ፣ ወደ ኤኤም4 ተመለሰ። ራይዘን 5 5600፤ ስድስት ኮር፣ 65 ዋት፣ ማቀዝቀዣው ካርቶኑ ውስጥ አብሮ የሚመጣ፣ በ2022 የወጣ ግን ዛሬም ያላረጀ ፕሮሰሰር። ኤኤም4 የመጨረሻ ፌርማታው ላይ የደረሰ መቀመጫ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ብዙ የሚሻሻል ነገር የለውም። በወረቀት ኤኤም5 ያሸንፋል። ራም እንደ ወርቅ በሚመዘንበት ዓመት ግን ቤት ያለውን ራም የሚቀበል ማዘርቦርድ ነው የሚያሸንፈው።

ማዘርቦርዱ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሻጮች «ቢ450 ሆነ ቢ550 ለውጥ የለውም» ይላሉ። ለዚህ ካርድ ግን ለውጥ አለው። 5060 ቲአይ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በ16 ሳይሆን በ8 መስመር ነው፤ ቢ450 ደግሞ መስመሮቹ የቀድሞው ትውልድ ናቸው፤ የእያንዳንዳቸው ፍጥነት በቢ550 ካለው ግማሽ ነው። ባለ 8 ጊጋውን ካርድ ቢ450 ላይ የሰካ ሰው፣ ሚሞሪው ሞልቶ መፍሰስ ሲጀምር ነው ጉዱን የሚያየው። ልጁ ቢ550 ያዘ። ስለ ኤስኤስዲና ስለ ሣጥን ብዙ ማውራት አያስፈልግም፤ ባለ 1 ቴራ ኤስኤስዲ፣ ከፊቱ አየር የሚያስገባ ሣጥን። መስታወት ብቻ የሆነ ፊት ለአቧራማው ሠፈር ጥሩ ይመስላል፤ ውስጡ ያለው ካርድ ግን ይታፈናል።

ዋናው ጉዳይ መብራቱ ነው። እዚህ ላይ ነው ከውጭ የሚመጣው ምክር ሁሉ የሚከዳው።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ደስ ይላል። ግን ጉባ ላይ የሚመነጨው ኃይልና ላፍቶ ሶኬት ላይ የሚደርሰው 220 ቮልት መካከል ብዙ ነገር አለ፤ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመር፣ ያረጀ ምሰሶ፣ ከአቅሙ በላይ ቤት የተቀጠለበት መስመር። ኮምፒዩተርን የሚገድለው የመብራት ማነስ ብቻ አይደለም። ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ግፊትና ማታ ምጣድ ሁሉ ሲለኮስ ወርዶ ሌሊት የሚያሻቅበው ቮልቴጅ ነው። ሰው ፍሪጁን መብራት ሲሄድ የሚነቅለው ወዶ አይደለም።

ታዲያ ብዙ ወጣት ምን ያደርጋል? ብሩን ካርዱና ፕሮሰሰሩ ላይ ይጨርስና በቀረችው ሳንቲም ስም የሌለው ፓወር ሰፕላይ ይገዛል። ላዩ ላይ «700 ዋት» የሚል ተለጥፎበታል፤ ሲያነሱት ግን ባዶ ሣጥን ያህል ይቀላል። ለጥፎ መጻፍ ማን ይከለክላል? ከዚያ የ68,000 ብር ካርድ በዚህ ዕቃ ላይ ይንጠለጠላል። እንዲህ ዓይነቱ ሲቃጠል ብቻውን አይሄድም፤ የሚያገኘውን ይዞ ነው የሚሄደው። «80 ፕላስ» የሚለው ምልክትም ብዙ ሰው እንደሚያስበው የጥንካሬ ማረጋገጫ አይደለም፤ ከሶኬት የሚወስደውን ኃይል ምን ያህሉን ሳያባክን ለኮምፒዩተሩ እንደሚያደርስ ብቻ ነው የሚናገረው። ካርዱ እስከ 180 ዋት፣ ፕሮሰሰሩ 65 ዋት ይላል፤ ከታወቀ አምራች የመጣ የ550 ወይም የ600 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይበቃል። 850 ዋት ሐሰተኛ ከሆነ ከ550 ዋት እውነተኛ አይበልጥም።

ጥሩዎቹ ፓወር ሰፕላዮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሳቸው አውቀው ይቀበላሉ። ከአሜሪካ ቢመጡም የሚቀየረው ገመዱ ብቻ ነው። ከበስተጀርባው 115ና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ ያለበት ርካሹ ዓይነት ግን አደጋ ነው። ማብሪያው 115 ላይ እንዳለ እዚህ የሰካ ሰው የፍንዳታ ድምፅ ነው የሚሰማው። ዩፒኤስን ደግሞ ከአሜሪካ ማስመጣት ከናካቴው አይታሰብም፤ በ120 ቮልት የሚሠራ ነው፤ ክብደቱም የሻንጣ ኪሎ ይጨርሳል። አክስት «ባትሪውንም ላምጣልህ?» ሲሉት ልጁ በትሕትና እምቢ ያለው ለዚህ ነው።

ዩፒኤሱን የገዛው እዚሁ ነው፤ ከካርዱም በፊት። ሣጥኑ ሳይኖር፣ ማዘርቦርዱ ሳይገዛ፣ መጀመሪያ ዩፒኤስና ፓወር ሰፕላይ። ጓደኞቹ ሳቁበት፤ «ሙሽራ ሳይኖር ድንኳን» አሉት። ግን ስሌቱ ትክክል ነበር። ሌሊት 9 ሰዓት መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ የሚሰጠው ደቂቃዎችን ብቻ ነው፤ ኤክስፖርቱን አያስጨርስም። ለዚህ ሲባል ረጅሙን ቪዲዮ ቆራርጦ፣ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ማውጣት ተማረ። የተቋረጠው አንዱ ክፍል ብቻ ይሆናል። ይህን ብልሃት ለማወቅ 16 ጊጋ ካርድ አያስፈልግም ነበር፤ ግን ሰው ብር ሊያወጣ ሲል ነው ማሰብ የሚጀምረው።

ካርዱን ለምን እዚህ አልገዛም የሚል ይኖራል። ይገኛል፤ ቦሌም መገናኛም የቴሌግራም ሱቆች ላይም አለ። ችግሩ ማስታወቂያው ላይ «5060 ቲአይ» ተብሎ ይለጠፍና የሚሞሪው ልክ ሳይጻፍ መቅረቱ ነው። ባለ 8 ጊጋውና ባለ 16 ጊጋው አንድ ስም ነው ያላቸው። ይህ ደግሞ የሻጩ ብቻ ጥፋት አይደለም፤ ሁለቱን በአንድ ስም ያወጣው አምራቹ ነው። «ዩዝድ» ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ኤቴሪየም በመስከረም 2015 ዓ.ም. በካርድ መቆፈርን ሲያቆም በዓለም ዙሪያ ቀን ከሌት ሲሠሩ የከረሙ ካርዶች ገበያ ላይ ፈሰሱ። የተቆፈረበት ካርድ ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም፤ ፋኑና የሙቀት ማጣበቂያው ግን ብዙ ሰዓት ሠርቷል። ከዚህ የሚብሰው አሮጌ ቺፕ አዲስ ስም ተሰጥቶት የሚሸጠው ነው። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙዎቹን ያጋልጣል፤ ሻጩ ፊት ሰክቶ፣ ከፍቶ ማየት ነው። «ፓክድ ነው ወንድሜ፣ ከተከፈተ ዋጋው ይወርዳል» ካለ ሌላ ሱቅ መሄድ ይቻላል።

አንድ ነገር ግን በየትኛውም ሱቅ አይሸጥም፤ ፒንግ። በኢንተርኔት የሚጫወቱት ጨዋታ ሰርቨሩ ባሕረ ሰላጤው ወይም አውሮፓ ከሆነ ካርዱ 429 ዶላር ሆነ 2,000 ርቀቱ አይቀንስም። በሰከንድ 60 ፍሬም የሚያሳይ ሞኒተር ይዞ 200 ፍሬም የሚያወጣ ካርድ መመኘትም እንደዚያው ነው። ልጁ ሞኒተሩን አልቀየረም።

የመጨረሻው ወጪ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። የዴሉን ሣጥን በባዶ እጁ ሲነካው ሁልጊዜ ይነዝረው ነበር። ብዙ ሰው ይህን «ኮምፒዩተሩ ተበላሽቷል» ብሎ ይተረጉመዋል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የቤቱ ነው፤ ሶኬቱ ግራውንድ የለውም። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ወደ መሬት ሊያወርደው የሚገባ ትንሽ ኃይል መውረጃ ሲያጣ ሣጥኑ ላይ ይቀራል። ባለ ሦስት እግሩን ዲቫይደር መግዛት ከግድግዳው በስተጀርባ ሦስተኛ ሽቦ ከሌለ ምንም አይፈይድም። ኤሌክትሪሺያን አምጥቶ አሳየ፤ ግቢው ውስጥ ዘንግ ተቀብሮ ሽቦ መሳብ አለበት ተባለ።

አከራዩዋ መጀመሪያ አልተዋጠላቸውም። «ለኮምፒዩተር ብሎ ግቢ የሚቆፍር ተከራይ ዘንድሮ ገና አየሁ» አሉ። ኤሌክትሪሺያኑ ግን ሰውዬው ብልህ ነበር፤ «እማማ፣ ፍሪጁስ ሲነኩት አይነዝርዎትም?» አላቸው። ለካ ዓመት ሙሉ በፎጣ ነው የሚከፍቱት። የዘንጉን ግማሽ እሳቸው ከፈሉ፤ ቁፋሮውን ልጁ።